ማውረድ እንጂ ማውጣት የለም

የሰው ሱፍ ስተኩስ የኖርኩ ሴት ነኝ። ላውንደሪ ቤት ዕድሜውን የፈጀ ሰው ከፊት ይልቅ ኮሌታ ያምናል፤ ፊት ይታጠባል፣ ኮሌታ ግን የዋለበትን ሁሉ ይዞ ይመጣል። የማኅበራችን ሊቀመንበር ኮሌታ ንጹሕ ነው። ብብቱ ላብ አያውቅም፣ ክርኑም አልሳሳም። የዚያ ሰውዬ ሱፍ የሚያልቀው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ደረቱ ላይ፣ የክብር አበባ የሚሰካበት። በመርፌ ብዛት ወንፊት ሆኗል።

«ማኅበራችን» የምለው በልማድ ነው። ሙሉ ስሙን ለመጥራት አንድ ትንፋሽ አይበቃም፤ አካላቸውን በጦር ሜዳ ያጡትን የሚደግፍ፣ ለመብታቸው የሚሟገት፣ ድምፅ ለሌላቸው ድምፅ የሚሆን፣ ቅብጥርሴ። ድንቄም ድምፅ! ሊቀመንበሩን ሰፈሩ በሙሉ ጭብጨባ ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ወንድሜ ነው፤ «ይኼ ሰውዬ ጭብጨባ ካልሰማ ምግብ አይፈጭለትም» ብሎ።

ወንድሜ ታናሼ ነው። ጦሩ ውስጥ ሬዲዮ የሚይዝና የሚጠግን ነበር። «ሃሎ፣ ሃሎ» ሲል ኖሮ ሃሎ የሚል ስም ይዞ ተመለሰ። ከስሙ ሌላ ይዞት የመጣው ጀርባው ውስጥ የቀረች ብረት ናት። ከወገቡ በታች አይሰማውም። እግሮቹ አሉ፤ ካልሲ ይለብሳሉ፣ ጫማ ይጫማሉ፣ ይታጠባሉ፣ ግን አይታዘዙትም። «ሥራ ሳይሠሩ የሚበሉ ዘመዶቼ ናቸው» ይላል ሲቀልድባቸው። ቀልዱ ደስ በሚለው ቀን እስቃለሁ፤ በሌላው ቀን ወጥ ቤት ገብቼ ሳህን አጥባለሁ።

የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት አለን። ማለቴ፣ የሊፍት በር አለን፤ ከበሩ ኋላ የጥበቃው መጥረጊያና ባልዲ ይቀመጣል። ስለዚህ ወንድሜ መሬት የሚረግጠው፣ ወይም ጎማው መሬት የሚረግጠው፣ በሳምንት አንድ ቀን ነው። እሁድ ከሰዓት በኋላ አራት ሴቶች ሆነን እናወርደዋለን። ወንዶቹስ? አትሉኝም? ወንዶቹ ወገባቸውን ያማቸዋል። የዘመተው ወንድሜ ብቻ ነው፤ ወገቡን የተጎዳው ግን የሕንጻው ወንድ በሙሉ ነው።

አወራረዳችን የራሱ ሥርዓት አለው። የወጥ ቤት ወንበር ላይ እናስቀምጠዋለን፣ ደረቱን በመጋረጃ ጨርቅ ከመደገፊያው ጋር እናስራለን። እኔና ጎረቤታችን ነርሷ ከኋላ ሆነን ወንበሩን ወደ ራሳችን እናጋድላለን፤ አስተማሪዋና የአውቶቡስ ትኬት ቆራጯ ከፊት እግሩን ይዘው ወደ ኋላ እየተራመዱ ይወርዳሉ። አራተኛ ፎቅ የሚኖሩት እማማ መጥረጊያቸውን ይዘው ይቀድሙናል፤ ደረጃው ላይ ጠጠር ቢኖር ይጠርጋሉ፣ ልጅ ሲሮጥ ቢመጣ ይቆጣሉ። ትእዛዝ የሚሰጠው ሃሎ ነው፣ በዚያ በሬዲዮ ድምፁ። «ውረዱ። ቁሙ። መታጠፊያ ነው፣ ግራ ከፍ በሉ። ደርሷል፣ ቀጥሉ።» ከታች ስንደርስ ደረጃው ሥር በሰንሰለት የታሰረውን ዊልቸሩን ፈትተን እናሳፍረዋለን። አንድም ቀን ጣቱ እንኳ ግድግዳ ነክቶ አያውቅም። እሱ እግሩ ስለማይሰማው እኛ ነን የምንሰማለት።

እንግዲህ በዚህ መሀል ሥራ ተገኘ። ከሕንጻችን ጥግ ታጥፎ ስልክ የሚጠግን ሰው አለ፤ ነገረኛ ነው፣ ግን ሰው ያውቃል። ሃሎ ለጎረቤት የጠገናቸውን ስልኮች አይቶ አንድ እሁድ ሱቁ በር ላይ አስቆመው። «ጠረጴዛ አለኝ፣ መብራት አለኝ፣ ና እንሥራ። ግን ማለዳ ስከፍት እዚህ ላገኝህ ይገባል። ተሸካሚ እስኪመጣልህ የሚጠብቅ ደንበኛ የለኝም፣ ልንገርህ» አለው። ሃሎ በዚያ ቀን ወደ ላይ ስናወጣው አንድም ትእዛዝ አልሰጠም፤ እኛው ገመትን። ማለዳ እኔ ላውንደሪ ነኝ፣ ነርሷ ወይ ገብታለች ወይ እየወጣች ነው፣ አስተማሪዋ ክፍል ናት፣ ትኬት ቆራጯ መስኮቷ ላይ ናት። ወንድሜ በየማለዳው ራሱን ችሎ የሚወጣበት አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ ምድር ቤት መኖር።

ምድር ቤት ደግሞ ክፍል ነበረ። በሩ ወደ ግቢው የሚከፈት፣ የራሱ መጸዳጃ ያለው፣ ቀድሞ የዕቃ መጋዘን የነበረ ሰፊ ክፍል። የሕንጻው ኮሚቴ ተሰብስቦ «ለጉዳተኛው ወታደራችን ይሁን» ብሎ ወስኖም ነበር። ይኼኔ ነው ጭብጨባ ከተፍ ያለው። «አንድ ሰው ብቻ ከሚጠቀምበት፣ የማኅበሩ ቢሮ ይሁንና እዚያ ቁጭ ብለን ለእሱም ለሌሎቹም ቤት እንሟገት» አላቸው። ኮሚቴው አጨበጨበ። የቤት ጥያቄ መሟገቻ ቢሮ ለመክፈት የሰውየውን ቤት ወሰዱ፣ እሱም እንዲደሰት ጠበቁ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ቢሮውን ቀለም ቀቡት። ሶፋ አስገቡ። በሩ ላይ የነበሩትን ሁለት ደረጃዎች አፍርሰው በሚያብረቀርቅ ሸክላ ያማረ ራምፕ፣ ጎማ የሚወጣበት ተዳፋት፣ ሠሩ፣ ከጎኑ የብረት መያዣ ያለው። በከተማው ውስጥ እንደዚያ ያለ ራምፕ የትም አላየሁም። የሚወጡበት ግን በሁለት እግራቸው የሚሄዱ ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ያውም አልፎ አልፎ፣ ቢሮው የሚከፈተው እንግዳ ሲመጣ ስለሆነ። ውስጥ፣ ከሶፋው በላይ፣ የወንድሜ ፎቶ ግድግዳውን ሞልቶ ተሰቅሏል። ወንድሜ ሦስተኛ ፎቅ፣ ፎቶው ምድር ቤት።

ጭብጨባ ውሸታም ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ውሸታምን ታውቀዋለህ፣ ትጠነቀቀዋለህ። እሱ ግን የሚናገረውን ያምናል፤ የሚያስጠላውም ይኼው ነው። ስለ ጉዳተኞች ሲናገር ያለቅሳል፣ እውነተኛ እንባ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንዲሉ፣ መሀረቡን እኔው ነኝ የማጥበው፣ አውቃለሁ። አልቅሶ ሲጨርስ ደግሞ ሥራውን የሠራ ይመስለዋል። እንባውን ጠርጎ፣ ቀለል ብሎት፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ እያለከለከ ሦስተኛ ፎቅ ደረሰ። ሱፉ እንዳይጨማደድ ጫፉን ሰብስቦ ተቀመጠ። ሃሎ ጎማ ያለው አሮጌ የቢሮ ወንበሩ ላይ ሆኖ፣ ቤት ውስጥ የሚንቀሳቀሰው በእሱ ነው፣ የአንድ ሬዲዮ ሆድ ከፍቶ ነበር።

«ወንድሜ፣ የምሥራች ይዤልህ መጣሁ» አለው ጭብጨባ።

«ክፍሉን አገኙልኝ?»

«እሱ በሂደት ላይ ነው። ይኼ ሌላ ነው። ቅዳሜ ዘመናዊ ዊልቸር እንሰጥሃለን። የክፍለ ከተማው ኃላፊ ራሳቸው ይገኛሉ። ቴሌቪዥንም ይመጣል።»

«ዊልቸር አለኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ሁለት አለኝ። አምናም ሰጥታችሁኛል። ሁለቱም ደረጃው ሥር ታስረው ነው ያሉት፤ ውሻ እንኳ እንደዚያ አይታሰርም።»

«ይኼኛው ግን ይታጠፋል» አለ ጭብጨባ።

ሃሎ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ። ወንድሜን የቸገረው ወንበር ሳይሆን ደረጃ መሆኑን ለማወቅ ምን ያህል መማር እንደሚያስፈልግ ባላውቅም፣ ጭብጨባ ያን ያህል እንዳልተማረ አወቅሁ።

«ኃላፊዋ ካሉ አንድ ነገር ልጠይቃቸው እችላለሁ?» አለ ሃሎ።

«ምን ገዶህ! መድረኩ የአንተ አይደል እንዴ?»

በዚህ ተስማማ። ወንድሜ ያን ቅዳሜ የፈለገው ለአንዲት ጥያቄ ነው፤ «ያ ክፍል ተወስኖልኝ ነበር፣ ስጡኝና ሥራ ልግባ» ለማለት። ሌሊቱን ሙሉ በልቡ ሲያሳጥራት እንደነበር አውቃለሁ፤ ማለዳ ላይ ነግሮኛል። የሬዲዮ ሰው ነው፣ አጭር መናገር ይወዳል።

ጭብጨባ ሊወጣ በሩ ጋ ሲደርስ ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እህቴ፣ ቅዳሜ እናንተ አትድከሙ። ከስፖርት ቤት ወጣቶች አግኝቻለሁ፣ ቲሸርት አሠርተንላቸዋል። እናንተ እንግዲህ በሥራ ልብስ፣ በሽርጥ… ለካሜራው ትንሽ…»

«እናስቀይማለን?»

«ኧረ በፍጹም! ክብሩን እንዲመጥን ብዬ ነው።»

ክብር! አራት ሴቶች ክንዳቸው እስኪገነጠል ሲሸከሙት ያልነበረ ክብር ከቲሸርት ጋር ሊመጣ ነው። ለሴቶቹ ስነግራቸው ትኬት ቆራጯ በሳቅ ፍርስ አለች። ነርሷ «እግሩን ማን ይይዛል?» ብላ ብቻ ጠየቀች። እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ተዉት ልጆቼ፣ ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» አሉ።

ዓርብ ዕለት ወጣቶቹ መጥተው ተለማመዱ። ደህና ልጆች ናቸው፣ ጥፋታቸው የጉልበት ብዛት ነው። ከሦስተኛ ፎቅ እስከ ግቢው ይዘውት የመጡትን ታጣፊ ወንበር በትከሻቸው ተሸክመው ወረዱ፣ ጭብጨባ በስልኩ እያነሳቸው። ደጋግመው ወረዱ። ታዲያ የተለማመዱት በባዶ ወንበር ነው። ወደ ላይ ደግሞ ወንበሩን አጣጥፎ አንዱ በብብቱ ይዞት ይወጣ ነበር። በእንዲህ ያለው ልምምድ ማንም ሰው አይጎዳም።

ቅዳሜ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለ፣ የፕላስቲክ ወንበር ተደረደረ፣ ራምፑ ላይ ሪባን ተወጠረ፤ ተመርቆ የነበረ ራምፕ እንደገና ሊመረቅ ነው። ድምፅ ማጉያው ከማለዳ ጀምሮ የሰልፍ ዘፈን ያንባርቃል። ወንድሜን እኔው የተኮስኩትን የጦር ልብሱን አልብሼው እንደጨረስኩ ልጆቹ መጡ። እንደ ዋንጫ ከፍ አድርገው ትከሻቸው ላይ ጫኑት። «ዝቅ አድርጉኝ» አላቸው። «አይዞህ ጀግናችን!» አሉት። ከኋላ ከኋላቸው እየሮጥኩ ወረድኩ።

መታጠፊያው ላይ «ቁሙ! ግራ ከፍ!» ሲል ሰማሁት። በዚያ ዘፈን መሀል የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። እግሩ በደረጃው መከለያ ብረትና በወንበሩ መሀል ገባና ጫማው ወልቆ ወደቀ። አንዱ ልጅ ጎንበስ ብሎ አነሳው፣ በችኮላ መልሶ አጠለቀለት፣ ወረዱ። ሃሎ ምንም አላለም። ምን ይበል? አልተሰማውም።

ኃላፊዋ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ወንድሜን በሚታጠፈው ዊልቸር ላይ አስቀመጡት፣ ሪባኑ ተቆረጠ፣ ጭብጨባ ማይኩን ያዘ። አያያዙን ብታዩት! ጡት ሊያስጥሉት የሚታገሉት ሕፃን እንኳ እንዲያ አይዝም። ስለ መስዋዕትነት ተናገረ። ስለ ደጋፊዎች ተናገረ። ማኅበሩ ስላካሄዳቸው ምክክሮች ብዛት ተናገረ። ከዚያ እጁን ወንድሜ ትከሻ ላይ ጭኖ «ዛሬ እኔ የእሱ ድምፅ ነኝ» አለ።

ሃሎ ለመናገር እጁን አነሳ። ጭብጨባ የተነሳውን እጅ አየና ያዘው፣ ከራሱ እጅ ጋር አቆራኝቶ እንዳሸነፈ ቦክሰኛ ወደ ላይ አነሳው። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ። የእኛ ሕንጻ ወንዶችም፣ ወገባቸውን የሚያማቸው፣ ብድግ ብለው አጨበጨቡ። ወንድሜ እጁን ለማስለቀቅ ሲታገል ከሩቅ የደስታ ነበር የሚመስለው።

እኔ ያኔ ወደ እግሩ ነበር የማየው። ልማድ ነው፤ ሰው ፊቱን ሲያይ እኔ እግሩን አያለሁ። ነጭ የነበረ ካልሲው ከጫማው በላይ ቀልቷል። ከዊልቸሩ እግር ማሳረፊያ ላይ ደም ጠብ አለ፣ አዲሱ ሸክላ ላይ። ደግሞ ጠብ አለ።

«ደም!» ብዬ ጮኽሁ። «ወንድሜ እየደማ ነው!»

ጭብጨባ ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ ወደ እኔ ዞረ፣ ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋ። «አዎ እህቴ!» አለ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ። «ደሙን ሰጥቶናል!»

አጨበጨቡ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ አጨበጨቡ።

ካሜራው ወደ እኔ ዞረ። የምታለቅስ እህት አገኘ፣ ምን ጎደለው። በወንበር ላይ ወንበር እየገለበጥኩ ስሄድ ነርሷ ቀድማኝ ደርሳለች፤ ወንድሜ እግር ሥር ተንበርክካ ጫማውን አወለቀች። የአውራ ጣቱ ጥፍር ተነቅሎ በካልሲው ላይ ቀርቷል። ሃሎ አጎንብሶ የሰው እግር እንደሚያይ አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ፊቱ ላይ ያየሁት ሕመም አይደለም። እፍረት ነው። በገዛ ደሙ አፈረ። ያን ጊዜ ጭብጨባን በጥፊ ባለማጮሌ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ኃላፊዋ ደም ሲያዩ መልካቸው ተለወጠና ሌላ ቀጠሮ እንዳለባቸው ትዝ አላቸው። ወደ መኪናቸው ሲያልፉ ሃሎ ጠራቸው። «እመቤቴ፣ አንዲት ጥያቄ ነበረችኝ።» እሳቸውም ደግ ፈገግታ ፈገግ ብለው «ለሊቀመንበሩ ይንገሯቸው፣ ያደርሱኛል» አሉና ገቡ። በሩ ተዘጋ። ሌሊቱን ሙሉ ያሳጠራት ጥያቄ አፉ ውስጥ ቀረች።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር እንዴት ፈጥኖ እንደጠፋ! ድንኳኑ ተነቀለ፣ ማጉያው ተጫነ፣ ወጣቶቹ በቲሸርታቸው አውቶቡስ ውስጥ ገብተው ሄዱ። ግቢው ውስጥ የቀረነው እኛው ነን፤ ወንድሜ ጣቱ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ፣ እኛ አራት ሴቶች፣ እማማ፣ ከወዲያ ጭብጨባ ከጸሐፊውና ከሾፌሩ ጋር። ጭብጨባ እጁን እያሻሸ መጣ። ፊቱ በርቷል።

«ታሪካዊ ቀን ነበር!» አለ። «በሉ እንግዲህ እህቶቼ፣ አውጡት። ቢሮውን ቆልፌ ልሂድ።»

ማንም አልተነሳም። ተማክረን አልነበረም፤ ተያይተን እንኳ አልነበረም።

«ሰማችሁኝ?»

«እኛ ለካሜራ አንመጥንም ተብለናል» አለች ትኬት ቆራጯ፣ በዚያ ከመስኮት ኋላ በምትናገርበት ደረቅ ድምፅ።

«ካሜራው እኮ ሄዷል!»

«እኛም ሄደናል።»

«ኧረ እባካችሁ፣ ታዲያ ማን ያውጣው?»

«ያወረደው» አለች አስተማሪዋ።

ወደ እኔ ዞረ፣ የሥጋ ዘመድ ትራራለች ብሎ። ለዚህ ሰው ሁሌም አንቱ ነበር የምለው፤ ሱፉን ሲያመጣ አንቱ፣ ሲወስድ አንቱ። ያኔ ግን አንቱታው ከምላሴ ወደቀ። «ስማ» አልኩት፤ «ከላይ ወደ ታች ታወርዳለህ፣ ታስጨበጭባለህ፣ ታደማለህ። ማውረድ ብቻ ነው የምታውቀው። እስቲ አንድ ጊዜ አውጣው።»

ጭብጨባ የተነካ ሰው ሆነ። እውነትም ተነክቷል፤ ልቡ ገር ነው ብያለሁ። ኮቱን አውልቆ ለእኔ ሰጠኝ፣ መቼም ማንጠልጠያው ነኝ። «እኔ ራሴ እሸከመዋለሁ!» አለ።

እምቢ ልል ስል ሃሎ «እትዬ፣ ተያቸው» አለኝ። «አንድ ፎቅ እንኳ ይወቁት።»

የወጥ ቤቱን ወንበር አመጣን፣ ደረቱን አሰርን። ነርሷ የታመመውን እግር ያዘች፣ ለእሷ ካልሆነ ለማንም አልሰጥም ብላ። ጭብጨባና ጸሐፊው ከኋላ፣ ሾፌሩ ከፊት። ተነሱ። የመጀመሪያዎቹን ደረጃዎች በወኔ ወጡ። ከዚያ ወኔው አለቀና ሰውየው ብቻ ቀረ። ወንድሜ ከባድ ነው፤ ለመቀመጥ የተገደደ ሰው ይከብዳል። ጭብጨባ ትንፋሹ ሲያጥር፣ አንገቱ ሲቀላ ከታች ሆኜ አየሁት። መታጠፊያው ላይ ወንበሩን በቁመቱ ሊያዞሩት ሞከሩና ተሰነቀረ። ጸሐፊው ግድግዳ ላይ ተጣበቀ። ወዲህም አይሄድ፣ ወዲያም አይሄድ።

«ሃሎ፣ ምን እናድርግ?» አለ ጭብጨባ። እስከዚያች ቀን ድረስ ወንድሜን አንድም ነገር ጠይቆት አያውቅም።

«አይንቀሳቀስ ማንም» አለ ሃሎ። ድምፁ የእሁዱ ድምፅ ነበር። «ሾፌር፣ ቀኝ ዝቅ። ጸሐፊ፣ ወደ ግድግዳው። ሊቀመንበር፣ ወደ ራስዎ ያጋድሉኝ። ደርሷል። አሁን ተመለሱ። ቀስ።»

ተመለሱ። ታች ሲያደርሱት ጭብጨባ ደረጃው ላይ ተቀመጠና ራሱን በጉልበቶቹ መሀል ቀበረ። ኮሌታው በላብ ርሶ ነበር። እንዳላዘንኩለት እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ።

ሃሎ ከሁለቱ አሮጌ ዊልቸሮቹ አንዱን አስፈታና ተቀመጠበት። የሚታጠፈውን አልነካም። ወደ ጭብጨባ ተጠጋ፣ እጁን ዘረጋ። «ቁልፉን ይስጡኝ።»

«የቢሮውን?»

«የክፍሉን። እዚህ ነው የማድረው።»

«ለዛሬ ብቻ ከሆነ…»

«የነገውን ነገ እንጨቃጨቃለን።»

ጭብጨባ አንዴ ወደ እኛ፣ አንዴ ወደ ደረጃው አየ። ደረጃው የትም አልሄደም። ቁልፉን አወጣና ሰጠ።

ወንድሜ ያን ያማረ ራምፕ ራሱ እየገፋ ወጣው። ማንም አልረዳውም፤ ልረዳው ስል እማማ በመጥረጊያቸው ዘንግ ከለከሉኝ። ውስጥ ገብቶ ዞር ዞር ብሎ አየ። «ያን ፎቶ አውርዱልኝ» አለ፤ «ሲያየኝ ያሳቅቀኛል።» አልጋውን አወረድን። አልጋ ቀላል ነው፣ ሰው አይደለም። ሲመሽ ወንዶቹ ሳይቀሩ ብቅ ብቅ እያሉ አንዱ ፍራሽ፣ አንዱ ምድጃ ተሸክመው ወረዱ። ለካ ወገብ የሚታመመው ሰው ሲሸከሙበት ብቻ ኖሯል።

እሁድ ጭብጨባ ምክትሉን ይዞ ቁልፉን ሊቀበል መጣ። እማማ ራምፑ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ «እለፉ» አሉት፣ አልተነሱም። አሮጊት ረግጦ ማለፍ ለማኅበሩ ገጽታ ጥሩ አይደለም። ቆመ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሄደ።

ሰኞ ማለዳ ሥራ ከመግባቴ በፊት ቁርሱን በሳህን ሸፍኜ ወረድኩ። በሩ ተቆልፏል። አንኳኳሁ። ጠራሁት። ወድቆ ይሆናል፣ ጣቱ አመርቅዞ ይሆናል አልኩ። በመስኮት አጮልቄ ሳይ አልጋው ተነጥፏል። ዊልቸሩ የለም። ወንድሜ የለም።

እዚያው እንደቆምኩ ጭብጨባ መጣ፤ አዲስ የተተኮሰ ሱፍ፣ ደረቱ ላይ አበባ፣ ከኋላው ካሜራ የያዘ ሰው። ሌሊቱን አስቦበት ኖሯል። «ማኅበራችን ለጀግናው መኖሪያ ቤት አስረከበ! ይኼን ነው የምንቀርጸው» አለኝ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ቅዳሜ የተሸነፈው ሰውዬ ሰኞ ድሉን ሊመርቅ መጣ። አፌ ሊከፈት ነበር፤ ከዚያ ደከመኝ። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ብትሰድበው ጭብጨባ ይመስለዋል።

«የት ነው ያለው?» አለ፣ በሩን እየገፋ።

ወንድሜ ከጦር ሜዳ ከተመለሰ ጀምሮ ይኼን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ምን ያስጠይቃል? ሁሌም ያለው ሦስተኛ ፎቅ ነው። ተኝቼም፣ ሥራ ላይም ሆኜ፣ የት እንዳለ አውቅ ነበር። ስልክ ጠጋኙ ጋ ይሆናል። ዳቦ ሊገዛ ይሆናል። ዝም ብሎ መንገድ ሊያይ ወጥቶም ይሆናል፣ ምን አገባኝ።

«አላውቅም» አልኩት።

«እንዴት አታውቂም? እህቱ አይደለሽ?»

«አላውቅም አልኩህ እኮ!»

«መቼ ነው የሚመለሰው?»

«ሲመጣ ጠይቀው። ከፈለገ ይነግርሃል።»

ካሜራ የያዘው ሰውዬ የተቆለፈውን በር ቀረጸ፣ ሌላ ምን ይቅረጽ። ጭብጨባ አበባውን አስተካክሎ ጥቂት ቆመ፣ ሰዓቱን አየ፣ ሄደ። እኔ ራምፑ ላይ ተቀመጥኩ። ሳይነግረኝ መሄዱ አናደደኝ፤ አጥንቴ ድረስ አናደደኝ። ደስ አለኝም። ሳህኑን ገለጥኩና ለእሱ ያመጣሁትን ቁርስ እያለቀስኩ እስከ መጨረሻው በላሁት።